ለክብር እንግዳ ጀርባውን የሰጠው ዲሽ

በዓለም ላይ ብዙ ታላላቅ መሥሪያ ቤቶች አሉ። የእኛ ግን ሆሳዕና ነው ያለው። ነገሩን እዚህ ላይ ልዘጋው እችል ነበር፤ ሆኖም በዚህ ዘመን ሰው ያለ ማስረጃ አያምንምና፣ ባለፈው ክረምት ከሰማይ ጋር ያደረግነውን ግንኙነት ከነሙሉ ክብሩ ላስረዳ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ብጠራው ሌሎቹ በቅናት ሥራ ያቆማሉ፤ ሥራ ማቆማቸውን ደግሞ ከበፊቱ ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል።

እኔ ወንዳፈረው እባላለሁ፣ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ኃላፊ። በክፍሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሠራተኛ ስለሌለ ሠራተኞቼ በሙሉ ያደንቁኛል። በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቴ ትንሽ ዜና ጽፌ አላውቅም። ሁለት ቧንቧ ሲተከል «በውኃ አቅርቦት ታሪክ አዲስ ምዕራፍ ተከፈተ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቧንቧዎቹ እስከ ዛሬ ውኃ አልመጣባቸውም፤ ምዕራፉ ግን ይኸው አልተዘጋም። ስብሰባ ላይ ስናገር ማይክራፎኑ ራሱ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አንዳንዶች መብራት ስለሚደክም ነው ይላሉ። ቅናት ነው።

ታሪኩ በሰኔ ይጀምራል። በአይሲቲ ክፍላችን አቢጋኤል ላሬቦ የምትባል የፎንቆ ልጅ አለች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ስትናገር ቁጥር የምታበዛ ልጅ ናት። በሳተላይት ኮሙኒኬሽን ምሕንድስና ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። የትምህርቱን ስም በአንድ ትንፋሽ ጠርቶ መጨረስ የሚችል ሰው በመሥሪያ ቤታችን ሁለት ብቻ ነው፤ እሷና እኔ። አዲስ አበባ ተመላልሳ ኮርሱን ጨርሳለች፤ የቀራት የመመረቂያ ጥናቱ ነበር። አንድ ጠዋት ማመልከቻ ይዛ ወደ ኃላፊያችን ወደ አቶ ሳህሉ ቢሮ ገባች። እኔ በዚያ ሰዓት ሌላ ሥራ ላይ፣ ማለትም ጆሮዬን በሩ ላይ አስደግፌ ነበርኩ።

«ጋሽ ሳህሉ፣ ሰገነቱ ላይ አንድ ዲሽ እንድተክል ይፈቀድልኝ።»

«ምን ልታዪበት? ኳስ?»

«ዝናብ።»

አቶ ሳህሉ ትንሽ አሰቡ። «ዝናብ በመስኮት አይታይም?»

«እሱማ ይታያል። ግን ከሳተላይት የሚመጣው ሲግናል ዝናብ ሲጥል ይደክማል። እዚህ ሆሳዕና ላይ ስንት እንደሚደክም ነው የምለካው። ዲሹ ክረምቱን ሙሉ ወደ አንድ ሳተላይት ብቻ ያያል፣ ኮምፒውተሩ በየደቂቃው ይመዘግባል። አጠገቡ የዝናብ መለኪያ አስቀምጣለሁ፣ ጠዋት ጠዋት አነባለሁ። በጥቅምት ለፈታኞቼ አቀርባለሁ።»

«ክረምቱ ቢያመልጥሽስ?»

«የተፈቀደልኝ ጊዜ ያበቃል። ዲግሪው ቀረ ማለት ነው፣ ሁለት ዓመት ተኩል ሜዳ ላይ። ጋሽ ሳህሉ፣ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ማንም እንዳይነካው።»

«ማን ይነካዋል!» አሉና ፈረሙ።

ፊርማው ሳይደርቅ እኔ ዜናውን ጨርሼ በመሥሪያ ቤቱ ፌስቡክ ገጽ ላይ ለጥፌው ነበር፦ «መሥሪያ ቤታችን ዘመናዊ የሳተላይት ጥናት ጣቢያ ሊያቋቁም ነው።» አቢጋኤል ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች።

«ጋሽ ወንዳፈረው፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ከሃያ የሆነ ዲሽ ነው እኮ!»

«ልጄ፣ ዲሽ ብዬ ብጽፍ ማን ያነበኛል? እዚህ ከተማ ዲሽ የሌለው ቤት የዶሮ ቤት ብቻ ነው።»

«ጣቢያ አይደለም።»

«ገና ነዋ! ስም ከወጣለት በኋላ ነው ነገር የሚያድገው።»

እውነትም አደገ። ዲሹ በሰኔ መጨረሻ ሰገነቱ ላይ ተተከለ። በበጀት ዓመቱ መዝጊያ ወደ ላይ በላክነው ሪፖርት ላይ «የሳተላይት ጥናት ጣቢያ» የሚለው ቃል በቃል ሰፍሮ ነበር። ሪፖርቱ ግን ብዙ ቢሮ ያልፋል፣ በየቢሮው ያሳጥሩታል። በመጀመሪያው ቢሮ «ጥናት» የሚለው ቃል ወደቀ። በሁለተኛው «ጣቢያ» ተንጠባጠበ። ሦስተኛው ቢሮ ሲደርስ የቀረው ሳተላይት ብቻ ነበር፤ ሳተላይት ደግሞ ዝም ብሎ ስለማይቀመጥ «ለማምጠቅ ዝግጅቱ ተጠናቅቋል» የምትል ሐረግ ጨመሩለት። በሐምሌ መጀመሪያ ላይ ደብዳቤ ደረሰን፦ «የምታመጥቁትን ሳተላይት የክብር እንግዳ በተገኘበት ለማስመረቅ አስፈላጊውን ዝግጅት እንድታደርጉ እናሳስባለን።»

አቶ ሳህሉ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አንብበው አስጠሩኝ።

«ወንዳፈረው፣ እኛ ሳተላይት አለን እንዴ?»

«ከበላይ አካል አላችሁ ከተባልን አለን።»

«የት ነው ያለው?»

«ላይ ነዋ፣ አቶ ሳህሉ። ሳተላይት ታች አይቀመጥም።»

«እኔ ፈቅጄያለሁ?»

«ፈርመዋል።»

እፎይ አሉ። የፈረሙበት ነገር ከሆነ ሕጋዊ ነው።

ከዚያ በኋላ ስልኬ ዕረፍት አላገኘም። አንጋጫ የሚያስተምረው የባለቤቴ ወንድም ዘርአብሩክ ደወለና፣ «ጋሼ፣ ሲያልፍ በእኛም በኩል ያልፋል ወይስ ለሆሳዕና ብቻ ነው?» አለኝ። «ለአንጋጫ ስል እጠመዝዘዋለሁ» አልኩት። ከሀቢቾ ሦስት ሽማግሌዎች በአካል መጥተው፣ በገበያ ቀን እነሱ ዘንድ ጥቂት ቆም ቢልላቸው በትሕትና ጠየቁ። እስከ ስንት ሰዓት እንደሚፈልጉት መዘገብኩ። የፎንቆ ሰዎች አልለመኑም፤ «የእኛ ልጅ ናት የሠራችው፣ እዚያው እኛ ጋ ነው የሚያድረው» ብለው ብቻ ሄዱ።

ወዲያው አሥራ አንድ አባላት ያሉት ዐቢይ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢ እኔ። አቢጋኤል አባል አልተደረገችም። ተማሪ ናት፣ ትምህርቷን ልንሻማባት አልፈለግንም።

የኮሚቴው የመጀመሪያ ውሳኔ ጽዳት ነበር። ጥበቃችን አቶ ቲቶ ሰገነቱን በየማለዳው እንዲያጸዱ ታዘዙ። በአምስተኛው ቀን አቢጋኤል የዝናብ መለኪያዋን ይዛ ከላይ ስትወርድ ፊቷ ነጭ ሆኖ ነበር።

«ጋሽ ቲቶ፣ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቧል፣ መለኪያው ግን ባዶ ነው!»

«ይሄን ጠርሙስ ነው? ኧረ እሱማ አስቸገረኝ። ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ሌሊት ሌሊት ውኃ ይሞላበታል። እኔም አልሰነፍኩም፣ በየጠዋቱ እደፋለሁ።»

«የሚሞላው ዝናብ ነው!»

«እኔም ጠርጥሬ ነበር። ለዚህ ነው ከዛሬ ጀምሮ አፉን በፌስታል ያሰርኩት። ከእንግዲህ ጠብታ አይገባበትም፣ አይዞሽ ልጄ።»

ልጅቷ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። አቶ ቲቶ በደስታ የደከመች መስሏቸው ወንበር አመጡላት። ምስጋና ይገባቸዋል፤ ኮምፒውተሩን ስላልነኩት የሲግናሉ መዝገብ ደህና ነበር፤ የጠፋው የአምስት ቀን ዝናብ ብቻ ነው። ክረምት ገና ነው፣ ዝናብ ሞልቷል አልናት።

ሁለተኛው ውሳኔ የመጣው ከራሳቸው ከአቶ ሳህሉ ነው። አንድ ቀን ከባድ ዶፍ ሲወርድ በመስኮት ወደ ሰገነቱ አንጋጠው ልባቸው ተነካ። «አገር የሚያወራለት ንብረት እንዲህ በዝናብ ሲደበደብ ዝም ብለን እናያለን?» አሉ። ዝም ብለን አላየንም። የሰፈሩን እድር ድንኳን አስወጥተን ዲሹንም መለኪያውንም ባንድ ላይ ሸፈንን። ዝናብ የሚለካን መሣሪያ ከዝናብ የጠበቀ መሥሪያ ቤት ከእኛ በፊት አልተሰማም። እኔ አልሰማሁም፤ እኔ ያልሰማሁት ደግሞ አልተደረገም ማለት ነው።

ድንኳኑ ግን የለቅሶ ድንኳን ነው፣ ከተማው ያውቀዋል። በማግሥቱ ከሰዓት ላይ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ እናቶች በር ላይ ተሰበሰቡ። ከመሃላቸው ወይዘሮ እልፍነሽ የሚባሉት የእድሩ ባልቴት ደረታቸውን እየመቱ ገቡ።

«ማነው የተለየን? ምነው ሳይነገረን?»

አቶ ቲቶ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እኔም ገና መስማቴ ነው» አሉ፤ እሳቸውም ማልቀስ ጀመሩ።

አቢጋኤል ከላይ ወረደች። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ሴቶቹ ሲያዩዋት ለቅሶው ባሰ።

«አንቺ ነሽ እንዴ ልጄ ሐዘንተኛዋ? ማን ሞተብሽ?»

«ሲግናሉ» አለች።

«ነፍስ ይማር! ዕድሜው ገና ነበር?»

«አንድ ወር እንኳ አልሞላውም።»

«እኔን! ጨቅላ!» ብለው አቀፏት። በሆሳዕና ታሪክ የሬዲዮ ሞገድ ሲለቀስለት የመጀመሪያው ነው፤ ፎቶ አንስቼ «ኅብረተሰቡ ለፕሮጀክቱ ያለውን ጥልቅ ስሜት ገለጸ» ብዬ ለጠፍኩት። የረጠበው ድንኳን ሲግናሉን ለስድስት ቀን አፈነው። በስድስተኛው ቀን እውነተኛ ሰው ሞተና እድሩ ድንኳኑን ወሰደ፤ ዲሹ ተረፈ።

ልጅቷ ቢሮዬ መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች።

«ጋሽ ወንዳፈረው፣ አማካሪዬን አነጋገርኩ። ምክንያቱ በማስረጃ የማይታወቅ መቋረጥ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ጥናቱ ይወድቃል። ሲግናሉ ዝም ሲል ዝናብ ይሁን ሌላ ነገር መለየት አይቻልማ። እባክዎ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ ይተዉት።»

«ከዛሬ ጀምሮ» አልኳት፣ «እኔ ራሴ እጠብቀዋለሁ።»

ቃሌን የጠበቅሁት እስከ ነሐሴ ሦስት ነው። በዚያ ቀን የምረቃው ልምምድ ነበር። መድረኩ ከሕንጻው በስተ ምዕራብ፣ በግቢው ሣር ላይ ተሠራ። የመስተንግዶ ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ ወይዘሮ ሂሩት የክብር እንግዳው በሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀምጠው ወደ ሰገነቱ ቀና አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ጠየቁ፦

«ይሄ ነገር ለማን ነው ጀርባውን የሰጠው?»

ሁላችንም ዞርን። ወንበሩ በምዕራብ፣ የዲሹ ፊት ወደ ምሥራቅ! በእኛ አገር ከሽማግሌ ፊት የሚወጣ ሰው እንኳ የኋሊት ይራመዳል፤ ታክሲ ውስጥ ከፊት የተቀመጠ ከኋላው ላለው ይቅርታ ይጠይቃል። ይህ ቆርቆሮ ግን ከበላይ አካል ለሚመጣ እንግዳ ዓይን አውጥቶ ጀርባውን ሊሰጥ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገልኩት ሰውዬ ላብ አጠመቀኝ።

አቢጋኤል ሰዎቹን እየገፋች መሃል ገባች። «ወይዘሮ ሂሩት፣ ሳተላይቱ ያለው በምሥራቅ ነው! ዲሹ እሱን ካላየ ምንም አይቀበልም!»

«ሳተላይቱ ስንት ይርቃል?»

«ሠላሳ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ።»

«እንግዳውስ?»

«ምን?»

«ከዲሹ እስከ ወንበሩ ስንት ይሆናል?»

«አሥራ አምስት ሜትር።»

«ታዲያ በሠላሳ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር የራቀውን እናክብር ወይስ በአሥራ አምስት ሜትር ያለውን?»

እኔም አልዋሽም፣ እንዲህ ያለ የጠራ ሎጂክ ሰምቼ አላውቅም። በሙሉ ድምፅ ወሰንን። አቶ ቲቶ ብሎኑን ፈቱ፣ ዲሹ ዞረ፣ አንገቱን ዝቅ አደረገ፣ በቀጥታ ወደ ወንበሩ እጅ ነሳ። ተመልሶ እንዳይባልግ ብሎኑ ጠብቆ በመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ታሸገ፤ በላዩም «ማንም እንዳይነካው» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ልጅቷ ከመጀመሪያው የለመነችው ይህንኑ አልነበረም?

እንግዳው ግን በቀጠሮው አልመጡም። አስቸኳይ ስብሰባ ገጠማቸው። በሁለተኛው ቀጠሮ የስብሰባው ግምገማ ገጠማቸው። በሦስተኛው የግምገማው ማጠቃለያ። እኛም ድንገት ቢመጡስ ብለን ዲሹን አላዞርንም። ለሃያ አንድ ቀን ባዶ ወንበር እያየ ቆመ።

በዚህ መሃል የልጅቷ አባት ከፎንቆ መጡ። አቶ ላሬቦ ረጅም፣ እጃቸው የሻከረ ገበሬ ናቸው። ጭቃ ቦቲያቸውን በር ላይ አውልቀው በካልሲ ገቡ፤ ምንጣፋችንን ያከበረ የመጀመሪያው ባለጉዳይ ናቸው። «ጡማ ነው?» ብለው ሰላምታ ሰጡና ቆመው ተናገሩ።

«ልጄ በስልክ አለቀሰች። ይቺ ልጅ በሕፃንነቷም አታለቅስም። እኔ የተማርኩ አይደለሁም። ግን ስምንት ዓመት ቤተ ክርስቲያናችን የጸለየላት እኮ ናት፤ ከሰፈራችን ሴት ልጅ እዚህ ደርሳ አታውቅም። ምን አጠፋች?»

«ምንም አላጠፋችም፣ አቶ ላሬቦ። እንዲያውም ኮርተንባታል» አልኩ። «ለክብሯ ነው ይህ ሁሉ።»

«እኔ በሬ ጠምጄ ሳርስ እንግዳ ቢመጣ ‹ቆይ› እለዋለሁ። በሬውን ወደ እንግዳው አላዞርም። እርሻው ይበላሻላ።»

«ይሄ በሬ አይደለም፤ ቴክኖሎጂ ነው።»

«ለዚህ ነው የፈራሁት» አሉና ቦቲያቸውን አድርገው ሄዱ።

ነሐሴ ሃያ አራት እንግዳው መጡ። እኔ መድረክ መሪ ነበርኩ። የከፈትኩበትን ንግግር ሙሉውን ብጽፈው ወረቀት አይበቃም፤ ቅንጭቡን ላስቀምጥ፦ «ክቡር እንግዳችን! ይህ ፕሮጀክት ከታሰበበት ጊዜ አንሥቶ እስከ ታለመበት ድረስ፣ ከታለመበትም እስከ ታቀደበት ድረስ በተደረገው ሁለንተናዊ ርብርብ፣ እነሆ ዛሬ ለምረቃ በቅቷል!» ጭብጨባው ቀለጠ። ምን እንደተሠራ ያልተናገርኩ መሆኑን ማንም ልብ አላለም፤ የንግግር ጥበብ ማለት ይህ ነው።

የክብር እንግዳው ወደ ሰገነቱ ተመርተው ወጡ፤ ዙሪያቸውን ቃኙ።

«ሳተላይቱ የታለ?»

«ይኸው ክቡርነትዎ፣ እያየዎት ነው።»

«ይሄ ዲሽ ነው እኮ።»

«በዓይን ሲታይ ነው ክቡርነትዎ።»

«እኔም ቤት አለ።»

«እንግዲያው ክቡርነትዎም የፕሮጀክቱ ቀዳሚ ባለድርሻ ነዎት ማለት ነው!» ብዬ ወደ ሕዝቡ ዞሬ አጨበጨብኩ። ሕዝቡም አጨበጨበ። እንግዳውም ማጨብጨብ ሲጀምሩ አየሁና ልቤ ተመለሰ።

ሪባኑን ያሰርነው ከዲሹ ፊት በወጣው ክንድ ላይ፣ ሲግናል የምትቀበለው ጭንቅላት ከምትቀመጥበት ዘንግ ላይ ነበር። መቀሱ ዶለዶመ። እንግዳው ጎተቱት፤ አቶ ሳህሉ በአክብሮት አብረው ጎተቱ፤ እኔም ከኋላ አገዝኩ። ሪባኑ አልተቆረጠም፣ ክንዱ ግን ታጠፈ። «ተመርቋል!» ብዬ ጮህኩ።

ያን ጊዜ ነው ሰማዩ የተቀደደው። የዚያን ክረምት ዝናብ በሙሉ ለልምምድ ነበር ማለት ይቻላል። ደረጃው አልበቃን አለ፤ እንግዳው በአቶ ቲቶ ካፖርት ተጠቅልለው ወደ መኪናቸው ሮጡ፤ ወይዘሮ ሂሩት ኬኩን አቅፈው፣ እኔም ማይኩን አቅፌ ቢሮ ገባን። በመስኮት ስናይ ሰገነቱ ላይ ሁለት ብቻ ቀርተዋል፦ ክንዱ ታጥፎ ባዶውን ወንበር የሚያየው ዲሽ፣ አጠገቡም መለኪያዋን በሁለት እጇ ይዛ በዝናቡ ውስጥ የቆመች አቢጋኤል። ሁለት ዓመት የጠበቀችው ዝናብ ነበር።

«ሰባ ሁለት ሚሊ ሜትር!» ብላ ስትጮህ ሰማን። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ከውኃው ብዛት አልለየንም።

በማግሥቱ ማኅተሙን ማንንም ሳታስፈቅድ በጥሳ ዲሹን ወደ ምሥራቅ መለሰች። ክንዱን ለማቃናት ሦስት ቀን ፈጀባት። ምረቃው ስላለፈ የተቃወማት የለም፤ ፊቱን ወደፈለገው ያዙር አልን። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት ከማንም ጋር ሳትነጋገር ኮምፒውተሯ ላይ አቀረቀረች። በሳምንቱ ቢሮዬ ገባች። ፈገግ ብላ ነበር፤ ደነገጥኩ።

«ጋሽ ወንዳፈረው፣ የዐቢይ ኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ ሊሰጡኝ ይችላሉ?»

«የትኛውን?»

«ሁሉንም። የድንኳኑን፣ የማዞሩን፣ የሪባኑን። ቀንና ሰዓት አለው አይደል?»

«ምን ማለትሽ ነው! እኔ የያዝኩት ቃለ ጉባኤ? ደቂቃ ሳይቀር! አሥራ አንድ ፊርማ፣ ክብ ማኅተም!»

አርባ ስድስት ገጽ አስረከብኳት። አንድ በአንድ እያገላበጠች ዓይኗ በራ። «እንደዚህ የተሟላ ማስረጃ በዓለም ላይ ያገኘ ተማሪ ያለ አይመስለኝም» አለችኝ። ለባለቤቴ ነገርኳት። ለጎረቤቶቼም። ለአንጋጫም ደወልኩ።

በጥቅምት አዲስ አበባ ሄዳ ጥናቷን አቀረበች። በከፍተኛ ማዕረግ አለፈች። የፎንቆ ምእመናን በሁለት አይሱዙ መጥተው በመዝሙር ተቀበሏት፤ አባቷ የተማሩት እሳቸው ይመስል የተመረቀችበትን ካባ ለብሰው መኪናው ላይ ቆመዋል። ለመሥሪያ ቤታችንም የጥናቱን አንድ ቅጂ በጠንካራ ልባስ አስጠርዛ አመጣች። አቶ ሳህሉ ኮሚቴውን ሰበሰቡና ማጠቃለያውን እንዳነብ አዘዙኝ። ተነሣሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«በጥናቱ ወቅት የሳተላይቱ ሲግናል በሁለት ምክንያቶች ተቋርጧል። አንደኛው ዝናብ ሲሆን፣ በክረምቱ በሙሉ ያቋረጠው በድምሩ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ሁለተኛው መሥሪያ ቤቱ ሲሆን፣ ያቋረጠው በድምሩ ለሠላሳ ቀን ነው። ሁለተኛው መቋረጥ በቃለ ጉባኤ፣ በፊርማና በማኅተም የተረጋገጠ በመሆኑ ከመጀመሪያው ጋር የሚምታታበት ዕድል የለም፤ ጥናቱም ተቀባይነት ያገኘው በዚሁ ምክንያት ነው። ምክረ ሐሳብ፦ ዝናብን ለመቋቋም ትልቅ ዲሽ መጠቀም ይቻላል። ለሁለተኛው እስካሁን የተፈለሰፈ መሣሪያ የለም።»

ወይዘሮ ሂሩት ጫማቸውን አዩ። አቶ ሳህሉ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ወንዳፈረው፣ ይሄ ምስጋና ነው ወይስ ስድብ?»

ሃያ ሁለት ዓመት የተማርኩት ለዚህች ደቂቃ ነበር። ስልኬን አውጥቼ በማስሊያው ላይ ሠላሳን በሃያ አራት አባዛሁ፣ ለአሥራ ሁለት አካፈልኩ።

«አቶ ሳህሉ» አልኩ፣ «ከሐድያ ዝናብ ጋር ተወዳድረን በስልሳ እጥፍ አሸንፈናል። በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ የተረጋገጠ ነው።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ባነር ተሰቀለ። በተሞክሮ ልውውጥ መርሐ ግብር ልምዳችንን መጥተው እንዲቀስሙ ለሰባት መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ በተንኩ። ስድስቱ አልመለሱም። ሰባተኛው በአንድ መስመር፣ በክብ ማኅተም አረጋግጦ እንዲህ ሲል መለሰልን፦

«እኛ ዘንድ የምትለካ ልጅ ስለሌለች እንጂ፣ ዝናቡን ከእናንተ በፊት በልጠነዋል።»